የቶማስ ስልቻ

ባላምባራስ ሐዲስ ለሃይማኖታቸው ያልሞቱበት ሳምንት አልነበረም። ሰኞ አንገታቸው በሰይፍ ይቀላል፣ ረቡዕ ቁልቁል ይሰቀላሉ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቆዳቸው ይገፈፋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአፋቸው ነው። ከአፋቸው በታች ያለውን ሰውነት ማንም አልነካውም፤ አዳማ ውስጥ ከባቡር ጣቢያው እስከ ገበያው ቢፈለግ እንደ እሳቸው የወዛ ሰው አይገኝም። በር ሲገቡ ሆዳቸው ቀድሞ ይገባና እሳቸው ኋላ ይደርሱበታል።

ቡዜ ያንን ሆድ ስታይ ይቀፋት ነበር። ምክንያት አላት፤ የሐዋርያት ጾም በተፈታ ማግስት ባላምባራስ ሽማግሌ ሊልኩባት ነው። እሷ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ፣ እሳቸው ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ።

አባቷ ፈዬራ እህል ነጋዴ ነው። የተጠመቀው ጎልማሳ ሆኖ ስለሆነ ሃይማኖቱን እንደ አዲስ ጫማ ሲወለውል ይውላል። አንድ ቀን በሰው ፊት፣ «ልጄን ለባለ ርስት አልሰጥም፤ የምሰጣት የሰማዕት ልብ ላለው ሰው ነው» አለ። ባላምባራስ መሞት የጀመሩት ይህን ከሰሙ ወዲህ ነው።

«ቶማስን አየኸው?» ይሉታል ፈዬራን፣ ጢማቸውን እየጠረጉ። «ቆዳው ሲገፈፍ ትንፍሽ አላለም። እኔም ብሆን ቢላዋውን ራሴ ስዬ ነበር የማቀብላቸው!»

ፈዬራ እንባው ይመጣል። እናቷ ዲንቄ ግን ከጓዳ ሆና፣ «ሰማዕት የሚባለው ከሞተ በኋላ ነው። መጀመሪያ ይሙቱና ያግቧት» ትላለች። ዲንቄን የሚሰማት ግን የለም።

ሁለቱም ወንዶች የሐዋርያት ማኅበር ጽዋ ይጠጣሉ። ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ አለቃቸው መምሬ ሰንበታ። ይህ ማኅበር ሌላ ቦታ የሌለ ልማድ አለው። ሐምሌ አምስት፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ የሐዋርያቱ ስም በወይራ ቁራጭ ላይ ተጽፎ በቅል ይደረግና ዕጣ ይወጣል። እያንዳንዱ የደረሰው ሐዋርያ ከሞተበት መከራ እንደ አቅሙ ይቀምሳል። ጴጥሮስ የደረሰው አናቱን መሬት ተክሎ ቁልቁል ይቆማል። በርተሎሜዎስ የደረሰው ጆንያ ውስጥ ይገባል፤ ሐዋርያው በጆንያ ታስሮ ባሕር ተጥሏልና፣ አዳማ ባሕር ስለሌለ አንድ እንስራ ውሃ ይደፋበታል። ቶማስ የደረሰው አሸዋ የተሞላ የፍየል ስልቻ ተሸክሞ፣ በዚያ በሐምሌ ጭቃ፣ በባዶ እግሩ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ይዞራል። ሐዋርያውን የገዛ ቆዳውን ገፈው፣ አሸዋ ሞልተው አሸክመውታልና። ዮሐንስ ግን ሞትን ሳያይ ተሰውሯል። ስለዚህ ዮሐንስ የደረሰው ሰው ትራስ ተደግፎ ዶሮ ወጡን እየበላ፣ ሌሎቹ ሲሞቱ ያያል።

ዕጣውን የምታወጣው ያላገባች ልጅ ናት። ዘንድሮ ቡዜ ሆነች። ከዋዜማው ጀምሮ ቅሉንና ቁራጮቹን አጥባ የምታደርቀውም እሷ ናት። ቄስ ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመት ተቀምጣለችና ፊደል ትለያለች፤ ባላምባራስ ግን ማኅተም ማሳረፍ እንጂ ማንበብ አያውቁም።

በዋዜማው ፈዬራ ሱቅ ሳለ፣ ባላምባራስ በጓሮ በር መጡ። ቡዜ ቁራጮቹን ፀሐይ ላይ ዘርግታ ነበር።

«ቡዚቲ፣ የኔ ጨረቃ» አሉ።

«አባባ የለም፣ ባላምባራስ።»

«አንቺን ፈልጌ ነው።» ግራ ቀኝ አዩና ከኪሳቸው የግራር ሙጫ አወጡ፤ በምራቃቸው አለስልሰውታል። «ዮሐንስ የትኛው ነው? ይችን በጀርባው ለጥፊልኝ። ነገ ለእኔ ስታወጪ በጣትሽ ዳብሰሽ፣ ሙጫ ያለበትን።»

«ዮሐንስን? ቶማስን ነው የሚወዱት ብዬ!»

«ቶማስን... ለሌላው ላስቀድም ብዬ ነው። ጽድቁን ብቻዬን ልጨርሰው?» አሉና ጉንጯን ቆንጠጥ አድርገው ሄዱ።

ቡዜ ጉንጯን በነጠላዋ ጠረገች። ቁራጮቹን አንድ በአንድ አነበበች። ሙጫውንም ቶማስ ጀርባ ላይ፣ በደንብ አድርጋ፣ ለጠፈችው።

በማግስቱ ሰማዩ ጠቁሮ ዋለ። ማኅበርተኞቹ በደጀ ሰላሙ ዳስ ተሰበሰቡ። በማዕረግ የሚቀድሙት ባላምባራስ ናቸው። ቡዜ እጇን ቅሉ ውስጥ ከትታ ዳበሰች፤ አወጣች፤ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። አውራ ጣታቸው ከጀርባው ሙጫዋን አገኘቻት። ፊታቸው በራ።

«ወንድሞቼ!» ብለው ተነሡ። «ሳይነበብ አንድ ቃል ልናገር። ምነው ቶማስ በሆነልኝ! ምነው ስልቻው በእኔ ጫንቃ በወደቀ! ካልሆነም የአምላክ ፈቃድ ነው፣ በለቅሶ እቀበላለሁ።»

ፈዬራ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። መምሬ ሰንበታ ቁራጩን ተቀብለው ወደ ብርሃን አቀረቡት።

«ቶማስ» አሉ።

«አይሆንም!» አሉ ባላምባራስ። «ሙጫ አለበት እኮ!»

«የምን ሙጫ?» አለ ፈዬራ።

ቡዜ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «ትናንት ባላምባራስ ለዮሐንስ ለጥፊልኝ ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ በየቀኑ ቶማስ፣ ቶማስ ሲሉ ስለምሰማ፣ ለካ አፋቸው ስቶ ነው ብዬ...» አለች።

አንዱ ማኅበርተኛ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ባላምባራስ ወገባቸውን ያዙ። ወገባቸው ክፉኛ ይቆርጣቸዋል፤ ጉንፋንም አለባቸው፤ ደግሞ ጭቃ ለእግራቸው እንደማይስማማ አንድ ሐኪም ነግሯቸዋል። «ወዬሳ ይሸከምልኝ» አሉ በመጨረሻ፣ ዳሱ ደጅ የቆመውን የባቡር ጣቢያ ተሸካሚ በአገጫቸው እየጠቆሙ።

«ቶማስ ኩሊ ነበረው?» ብሎ ፈዬራ መምሬን ጠየቀ።

«እኔ ያነበብኩት መጽሐፍ ውስጥ የለም» አሉ መምሬ።

እንግዲህ ምን ይደረጋል! ጫማቸውን አወለቁ። ስልቻውን አሸከሟቸው። ዝናቡም ይህን ሲጠብቅ እንደ ቆየ ሁሉ ወረደ። ባላምባራስ ጥቂት ተራመዱ፤ አንድ እግራቸው ወደ ወለንጪቲ ሄደ፣ አንዱ ወደ ቆቃ፤ እሳቸውም መሐል ቤት ጭቃው ላይ ዘፍ አሉ። «ገደላችሁኝ! ኧረ የሰው ያለህ!» ብለው ጮኹ። ስንት ጊዜ ሲሞቱ ከርመው የጮኹት ገና ያን ቀን ነው። ቶማስ ሕንድ አገር ደርሷል፤ ባላምባራስ የቤተልሔሙን ጥግ አላለፉም።

ፈዬራ ጫማውን አወለቀ፤ ስልቻውን ከላያቸው አንሥቶ ተሸከመና ሦስቱን ዙር ዞረ። ቡዜ ከዳሱ ሆና ስልቻው ወገቡን ሲያጎብጠው ታየዋለች። ባላምባራስን እንዲያ ስትስቅባቸው ቆይታ፣ አሁን ሳቁ ጠፋባት። ይሄም ሌላው ሞኝ፣ አለች በልቧ፤ ለሰው አፍ ብሎ የገዛ ወገቡን ይሰብራል። ግን ቢሆንም ነጠላዋን አውልቃ ሮጠችና ራሱን አለበሰችው።

በማግስቱ ጠዋት ፈዬራ መነሣት አቅቶት ተኝቶ፣ ዲንቄ ወገቡን እያሸችው ነበር።

«ሙጫውን ያሳሳትሽው ሆን ብለሽ ነው» አለ።

«አዎ፣ አባባ።»

«በዕጣ መቀለድ ኃጢአት ነው። ለመምሬ ትናዘዣለሽ።»

«እሺ።»

ከውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ባላምባራስ ኀፍረት እንኳ አልያዛቸውም፤ ሽማግሌዎቹን ልከዋል። ዲንቄ ልትነሣ ስትል ፈዬራ ክንዷን ያዘ።

«እሷ ትሂድ። መልሱን ራሷ ትስጥ።»

«ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ሴት ልጅ ለሽማግሌ መልስ ትሰጣለች?»

«እሷ ትሂድ አልኩ።»

ቡዜ በሩን ከፈተች። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ከጭቃው ሰብስበው ቆመዋል። አባቷን ጠየቁ።

«ታሟል። መልሱ እኔ ዘንድ ነው» አለች። «ባላምባራስን አላገባም።»

«አንቺ ልጅ! ይሄ የአባትሽ ቃል ነው?»

«የሰማችሁት ነው!» አለ ፈዬራ ከውስጥ፤ ከዚያም ወገቡን ይዞ አቃሰተ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ አጉረመረሙ፤ ዘወር ብለው በመጡበት ጭቃ ተመለሱ። ቡዜ በሩን ዘጋች። ዲንቄ ምናልባት ብላ ለሽማግሌዎቹ የጋገረችው ድፎ መደብ ላይ ነበር። ቡዜ አንድ ትልቅ ቁራሽ ገምሳ መብላት ጀመረች።