መቲ ያልዘለለችበት ጠዋት

እና ሕይወቴን አስይዤ እምላለሁ፣ አንዲት ቃል ብዋሽ የነገዋ ፀሐይ አትውጣልኝ፣ በሩ ይደበደባል፣ ኢፍተሑ! ክፈቱ ነው የሚሉት ፈታሾቹ፣ ፈርዶሳ እንደ ግንድ ደርቃ ቆማለች፣ ጣቷ ከንፈሯ ላይ፣ ልጆቹ ፍራሹ ላይ ተደርድረው ዓይን ዓይኗን ያያሉ፣ ምን ነክቶኝ ነው፣ ትላለች በልቧ፣ ዛሬ እኮ አላስዘለልኳቸውም።

ለሸፊቃ ብላ ነው። የታች ቤቷ ሸፊቃ ጠዋት መጥታ፣ እህቴ በአላህ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ አድሮ አሁን ገና ነው የተኛው፣ ዛሬን ብቻ አታስዘልያቸው፣ አለቻት፣ ፈርዶሳም እሺ አለች፣ አራስን ማን እንቢ ይላል።

ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ የሌለው ሰው ልጅ ሳዑዲ ኹበር ላይ የት ይማራል፣ እዚችው የጀኑቢያ ሰፈር ክፍል ነዋ፣ እናቶቹ ሰው ቤት ሲሠሩ ፈርዶሳ ሀ ሁ ታስቆጥራለች፣ ወረቀት የሌለው በሰላም ይውጣ የተባለበት የምሕረት ጊዜ አልቆ አፈሳው ከተጀመረ ወዲህ ግን የመጀመሪያው ትምህርት ዝም ማለት ነው፣ ዝምታ ደግሞ ያለው እግር ውስጥ ነው፣ ይህን የደረሰችበት ራሷ ናት፣ በካልሲ ፍራሽ ላይ እስኪያልባቸው ከዘለሉ፣ ቁጭ ስትላቸው ቁጭ፣ ዝም ስትላቸው ዝም፣ ዝንብ አፍንጫቸው ላይ ጎጆ ብትሠራ አይነቃነቁም። ካልዘለሉ ግን ወየው። በተለይ መቲ፣ ያቺ የሰባት ዓመት ነበልባል፣ እሷ ስትዘል ባሕር ማዶ ባሕሬን ያለ ሰው ሻይ ይደፋበታል።

ቲቸር፣ እግሬን በላኝ፣ ትላለች መቲ በዓይኗ። አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ ቻይው፣ ካልቻልሽው እናትሽ ማታ ባዶ ክፍል ነው የምታገኘው። እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበቷ፣ አገጯ፣ ሳቅ ይሁን ጩኸት አንድ ነገር ከደረቷ እየወጣ ነው፣ ያ ረቢ፣ ሄጄ አፏን ልያዝ፣ ብራመድ ጥላዬ በበሩ ሥር ይታያል። መቲ የገዛ ክንዷን ጎረሰች። ነከሰች።

ማፊ አሐድ፣ ይላል የሕንፃው ዘበኛ ከውጭ፣ ማንም የለም፣ አላህ ይስጠው። ጫማዎቹ ደረጃውን ይወርዳሉ፣ ይወርዳሉ፣ ሲኦል ድረስ የሚወርድ ደረጃ ይመስል።

ኸላስ፣ አለቀ፣ ሄዱ።

ልጆቹ ይተነፍሳሉ፣ ሚኪ የረጠበ ሱሪውን በእጁ ይሸፍናል፣ መቲ ግን ክንዷን አልለቀቀችም፣ ልቀቂ መቲዬ፣ ሄዱ እኮ፣ ደም በጥርሷ ዙሪያ፣ ፈርዶሳ መንጋጋዋን በጣቶቿ ታላቅቃለች፣ አሁን ዝለይ፣ ፍራሹን ቅደጂው፣ የሸፊቃ ልጅ ይንቃ፣ ቤቱ ይፍረስ፣ ዝለይ በናትሽ! ራሷ ትዘላለች፣ ትልቅ ሴትዮ በካልሲ፣ እያለቀሰች፣ እዪኝ፣ እንዲህ። መቲ ታያታለች። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ። ይሄን ነው ያስተማርኳት። ይሄን።

ማታ እናቷ መጥታ ስታቅፋት መቲ፣ እማዬ፣ አልጮኽኩም እኮ፣ አለች።

ያልኩት ሁሉ እንዳልኩት ነው፣ ባሕሬን የተደፋው ሻይ ሳይቀር። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። ማታ መቲ አልተናገረችም።