የማዳም ኦዴት ኩባያዎች

የመጀመሪያው ጥይት የማዳም ኦዴትን የሽንኩርት ቅርጫት በተነው። በመኪናው ውስጥ ባለው ማብሰያዋ መስኮት ገብቶ፣ ቅርጫቱን ከተንጠለጠለበት አውርዶ፣ የወዲያኛውን ግድግዳ በስቶ ወጣ። ሽንኩርቶቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ፤ አንዱ ከዱዎት እግር ሥር መጥቶ ቆመ። ዱዎትም ጎንበስ ብሎ አነሳው። ሰው ሞቱ ደጃፉ ሲደርስ ምን እንደሚያነሳ አይታወቅም። ሁለተኛው ጥይት የፊተኛውን ጎማ አገኘና መኪናው እንደ ሰካራም ወደ ግራ ተንገዳግዶ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠውን የኅዳር ደረቅ ሣር ገንድሶ ቆመ።

የጋምቤላ ሰው «ባለ አልጋው መኪና» ይለው ነበር። ከተማዋ የክልል መቀመጫ ከተባለች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ በዚያን ጊዜ ብዙ አዲስ ነገር ገብቶባታል፣ አዲስ ሹም፣ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ፖሊስ። በሆዱ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ጋን ይዞ የሚዞር መኪና ግን ከሁሉም በልጦ አስገርሟት ነበር። ባለቤቶቹ ዤራርና ኦዴት የሚባሉ ፈረንሳውያን ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለቱም ጡረታ የወጡ። መኪናውን በመርከብ ጅቡቲ አውርደው፣ ተራራውን ሁሉ ወጥተው ወርደው፣ ድሮ የእንፋሎት መርከብ የሚቆምበትን የባሮን ዳርቻ ለማየት መጡ። አይተውም አልበቃቸው፤ ወንዙን ተከትለን ወደ ኢታንግ እንውረድ አሉ። ዱዎት የሚሽን ትምህርት ቤት የተማረው እንግሊዝኛ ስለነበረው መንገድ መሪም አስተርጓሚም ሆነላቸው።

ማዳም ኦዴት በሄደችበት ሁሉ አንድ አልበም ታሳያለች። በየዓመቱ በመጸው ማብቂያ፣ የአገራቸው ገጠር ሲበርድና ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ፣ እሷና ባሏ በዚህ መኪና ይወጣሉ። ቅጠሉ የቀላ የወይን ማሳ፣ ጉም የተኛበት ወንዝ፣ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን፤ በየፎቶው ጥግ ደግሞ ይኸው ነጭ መኪና። በየመንደሩ ዳር እንዲህ ላለ መኪና ማደሪያ ተከልሎለታል አለችው፤ ገብተህ ትቆማለህ፣ ታድራለህ፣ ትሄዳለህ፤ ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ የሚልህ የለም። ዱዎት ይህን ሲሰማ ቀናም፣ ትንሽም ፈራ። የማን ልጅ ነህ የማይባል ሰው ሲሞት ማን ይፈልገዋል?

ከሁሉም ይልቅ የደነቀው ግን ኩባያዎቹ ነበሩ። ስድስት የፕላስቲክ ኩባያዎች፣ በየቀለማቸው፣ ከምድጃው በላይ በመንጠቆ ተሰቅለዋል። ቀዩ የዤራር ነው፤ ሰማያዊው የእሷ፤ ለዱዎትም ቢጫውን ሰጡት። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያያቸው ባል በሚስቱ ኩባያ፣ ሚስት በባሏ ኩባያ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠጡም። ሳህናቸውም የየራሳቸው ነው። ዱዎት የኑዌር ልጅ ነውና አንድ ነገር ብቻ ነው የታየው፦ እነዚህ ሰዎች በመካከላቸው ደም አለ። ከእሷ ወገን አንዱ የእሱን ወገን ገድሏል፤ ወይም እሱ የእሷን። ይህን ይዘው አንድ አልጋ ላይ መተኛታቸውን ሲያስበው ሰውነቱ ሰቀጠጠው። በመጨረሻ አላስችለው ብሎ ቢጠይቃት ማዳም ኦዴት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ደም የለም፣ ልማድ ነው አለችው። ዱዎት አልሳቀም።

እንዳይስቅ ያደረገው የራሱ ጣጣ ነበር። በሳምንቱ መጀመሪያ ታላቅ ወንድሙ ጩዎል፣ ኩዎል ከሚባል ሰው ጋር በዓሣ ማጥመጃ ቦታ ተጣልቶ በጦር ወጋው። ኩዎል ባሮ ውስጥ ወድቆ ሞተ። ጩዎል ሮጦ ከኢታንግ ወዲያ ማዶ፣ የነብር ቆዳ የሚለብሰው አስታራቂ ሽማግሌ ቤት ገባ፤ እዚያ ማንም አይነካውም። ዱዎት ግን ከተማ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሁለቱ ቤተሰብ ሰዎች ባንድ ዕቃ መብላትና መጠጣት አይችሉም፤ ከብቱ ተሰጥቶ፣ መሥዋዕቱ ታርዶ፣ ሽማግሌው እስኪያስታርቃቸው ድረስ ያንን ዕቃ የተጋሩትን ሁለቱንም ሞት ይወስዳቸዋል። የዱዎት አባት ከብቱን ሊሰጥ ተስማምቷል። ቃሉን ሽማግሌው ጆሮ የሚያደርስ ሰው ብቻ ቀረ፤ ቃሉ ካልደረሰ የሟች ወገን ያገኘውን ይገድላል፣ የተገደለበትም መልሶ ይገድላል፣ እንዲህ እያለ ልጆቻቸው ይወርሱታል።

መንገዱን ደግሞ ማይ ይዞታል። ማይ የሟቹ ወንድም ነው፤ ከድንበር ማዶ ሞቱን ሰምቶ የመጣ፣ የገዳዩን ዘመዶች በስም እንጂ በመልክ የማያውቅ። ከትናንት በስቲያ ከጭነት መኪና ላይ አንድ መንገደኛ አውርዶ ሁለት እግሩን ሰብሮ ትቶታል፤ ዘመድ ሆኖ ሳይሆን መልሱ ስላልጣመው። ከዚያ ወዲህ መኪና ቆመ። የፈረንጅ መኪና ግን ማን ይነካል ብሎ ዱዎት ተስፋ አደረገ። ናፍጣ ሻጩ ሸሪፍ የመኪናውን የናፍጣ ጋን ሲሞላ ጠጋ ብሎ፣ «መኪናውስ ያልፋል፤ መሬቱ ደርቋል። አንተ ታልፋለህ ወይ ዱዎት?» ብሎት ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው።

ከሣሩ ውስጥ ሦስት ሰዎች ወጡ። ሁለቱ ጎረምሶች ናቸው፤ ሦስተኛው ረጅም፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ፣ ክላሹን እንደ ዱላ የያዘ። ዱዎት ማይ ይህ መሆኑን ለማወቅ ነጋሪ አላስፈለገውም። በሩን ገንጥለው ገቡ። ዱዎትን በሸሚዙ አንገት ጎትተው መሬት ላይ ሲጥሉት በቀኝ እጁ አረፈ፤ አንዱ ጎረምሳ እጁን ረገጠውና ሁለት ጣቶቹ ሲሰበሩ ራሱ ሰማቸው። ዤራር እጆቹን ወደ ላይ አድርጎ፣ በቋንቋው እየለመነ ወረደ። በጠመንጃ ሰደፍ ግንባሩን አሉት። ዤራር ቁጭ አለ እንጂ አልጮኸም፤ ደሙ ነጭ ጢሙን ተከትሎ ወረደ። ሚስቱ ወደ እሱ ስትሮጥ ሌላው ጎረምሳ ሰው ተደብቆ እንደሆነ ብሎ አልጋዎቹን በጩቤ ይተረትር ነበር። አልበሙንም በመስኮት ወረወረው። የወይን ማሳዎቹ አቧራ ላይ ተበተኑ፤ ማይ አንዱን ፎቶ በጎማ ጫማው ረግጦ ቆመ።

«የማን ልጅ ነህ?»

ዱዎት ይህን ጥያቄ ከከተማ ሲወጣ ጀምሮ አጥንቶታል። የአባቱን ስም ደብቆ የእናቱን አጎት ስም ከነአያት ቅድመ አያቱ ጠራ። ማይ ሰማውና በርግጫ ጎኑን መታው፤ እንዲደግም አዘዘው። ዱዎት ደገመ። አሁንም መታው፤ አሁንም ደገመ። ከሦስተኛው በኋላ ትንፋሹ አልመለስ አለው። ያኔ ማይ ከመንገዱ ዳር ወዳለ ዛፍ ጥላ ዞሮ አንዲት ሴት ተጣራ።

ኛዌች የሟቹ ሚስት ናት። ማይ ያመጣት ሰዎቹን በመልክ ስለምታውቅ ነው፤ እሷ ከለየችለት እሱ ይተኩሳል። የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ የውሃ ቅል በእጇ ይዛ ቀስ ብላ መጣች። ዱዎት ቀና ብሎ ሲያያት በቃ አለቀልኝ አለ። እንዴት አታውቀው? ሦስት ጊዜ ጠልቆ፣ አዞ አለ እየተባለ፣ የባሏን ሬሳ ከባሮ ያወጣላት እሱ ነው። የገዳይ ወንድም ሬሳ ሊያወጣ አይገባውም ነበር፤ ግን ሌላ የሚጠልቅ ሰው አልተገኘም። ያን ቀን አላለቀሰችም። የባሏን ጆሮ ከጭቃው በነጠላዋ ጠረገች፤ ከዚያ በዚያው ጨርቅ የዱዎትን ፊት ጠረገችለትና ሄደች።

አሁንም ረጅም ጊዜ አየችው።

«አላውቀውም» አለች።

ማይ አላመነም። የሷን ፊት አየ፣ የሱን ፊት አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ጥሩ አስተናጋጅ፣ እንግዲያው ሰውየው የገዳዩ ዘመድ ካልሆነ ጠላታችን አይደለም፤ ውሃ ጠምቶታል፤ አንቺ ጠጪና ስጪው አላት። ጎረምሶቹ ሥራቸውን ትተው መጥተው ቆሙ። ኛዌች ቅሉን ወደ አፏ አነሳች። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ከዚያ ዘረጋችለት።

ዱዎት ቅሉን በደህና እጁ ተቀበለ። ቀላል ነበር፤ መዋጥ ነው። ሚሽን ትምህርት ቤት መምህሩ በዚህ ነገር ይስቅበት ነበር፤ በሽታ ከቆሻሻ እንጂ ከደም አይመጣም ይል ነበር። ዱዎትም አብሮ ሲስቅ ኖሯል። ግን አክስቱ ከወገኗ ጋር ደም በተቃባ ቤት ውሃ ጠጥታ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ በሳምንቱ ስትሞት በዓይኑ አይቷል። መምህሩም እውነቱን ይሆናል፣ አክስቱም እውነቷን ይሆናል። በራሱ ላይ ቢሆን ይሞክረው ነበር። ይህቺ ሴት ግን ስለ እሱ ዋሽታ አፏን ያደረገችበት ቅል ነው፤ ሆዷ ውስጥ ያለውም አባቱን ገና ሳያይ ያጣ ነው። ከንፈሩ የቅሉን ጠርዝ ነካ። የውሃው ሽታ መጣለት። በሕይወቱ እንደዚያ ጠምቶት አያውቅም።

ቅሉን ሳይጠጣ በመኪናው ደረጃ ላይ አስቀመጠው።

«አልጠጣም። ዱዎት ነኝ፤ የጩዎል ወንድም።»

ማይ መጀመሪያ የዞረው ወደ ኛዌች ነው። በጥፊ ሲመታት ወደ ኋላ ሄዳ ከመኪናው ጋር ተጋጨች፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ባሌን ከውሃ ያወጣው እሱ ነው» አለችው። «አንተ አልነበርክም።»

ይህ ቃል ከጥፊው ይልቅ ያመመ ይመስላል። ማይ ዱዎትን አንበርክኮ አፈሙዙን ጉሮሮው ሥር ሰካ። ወንድምህ የት ነው አለው። ዱዎት ወንድሙ ሽማግሌው ቤት እንዳለ፣ እሱም የከብቱን ቃል ይዞ ወደዚያው እየሄደ እንደነበር ተናገረ። ሲናገር ብረቱ ጉሮሮው ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ማይ፣ «ወንድሜ ከብት አልነበረም» አለና የክላሹን መቆለፊያ በአውራ ጣቱ አወረደ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ዱዎት ግን ሌላ ምንም አልሰማም። አባቱን አሰበ። ቃሉ መንገድ ላይ እንደሚቀር አሰበ፤ እሱ እዚህ ከወደቀ አባቱ ከብት ሳይሆን ጠመንጃ እንደሚያወጣም አወቀ።

ያኔ ከኋላቸው ደረጃው ሲጢጥ አለ። ማዳም ኦዴት ነበረች። ሽርጧ በባሏ ደም ርሷል፤ በእጇ ዝርግ ሳህን፣ በሳህኑ ላይ ውሃ የሞሉ ሦስት ኩባያዎች። ከተነጋገሩት አንድም ቃል አልገባትም። ያየችው ይህን ነው፦ ሰውየው ውሃ ተሰጠው፣ ቅሉን አይቶ መለሰው፣ ሊገድሉት ነው። ቅሉ ቆሽሾበት ነው ብላ ደመደመች። ሌላ የምታደርገው ስላልነበራት ንጹሕ ውሃ ቀዳች። መጥታ ቢጫውን ለዱዎት፣ ሰማያዊውን ለኛዌች ሰጠች። አረንጓዴውን ለማይ ዘረጋች። እጁ መሣሪያ ይዟል፤ እሷ ግን ዘርግታ ቆመች፤ ኩባያውን አልመለሰችም። ማይ ምን እንደነካው እንጃ፣ በግራ እጁ ተቀበላት። አፈሙዙ አልተነሳም።

ኛዌች ሰማያዊውን ኩባያ ውስጡን አየች፣ ሥሩን ከፍ አድርጋ አየች።

«በዚህ የጠጣው ማን ነው?» አለች ዱዎትን።

«እሷ ብቻ። ሁሉም የየራሱ አለው።»

«ባልና ሚስቱም?»

«ባልና ሚስቱም።»

«ደም አለባቸው?»

«የለባቸውም።»

ኛዌች ወደ ሽማግሌው ፈረንጅ አየች፤ ግንባሩን በፎጣ ይዞ ከተበተኑት ፎቶዎች መሐል ተቀምጧል። ሚስቱ ተመልሳ አጠገቡ ተንበርክካለች፤ ደም በነካው እጇ ፀጉሩን ትዳብሳለች። ኛዌች ሌላ አልጠየቀችም። ኩባያውን አነሳችና ጠጣች።

ማይ ዱዎትን ቁልቁል ተመለከተው።

«ጠጣ» አለው። «ጠምቶሃል። ስትጨርስ እንተያያለን።»

ዱዎት ቢጫውን ኩባያ በግራ እጁ ወደ አፉ ወሰደ። ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ትንሽ የፕላስቲክ ሽታ አለው፤ ከባሮ የተቀዳ ውሃ ነው። ኩባያ በአፉ ያለ ሰው ላይ ማይ እንደማይተኩስ አሁን ገብቶታል፤ የቀረው ዕድሜው ኩባያው ውስጥ ያለው ነው። በጉንጩ ያዘው። ቀስ ብሎ ዋጠ። ምላሱን እንኳ ለማርጠብ የማይበቃ ሌላ ትንሽ ሳበ። የተሰበሩት ጣቶቹ ይመቱታል፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ አልጠረገውም። ከወንዙ ማዶ የተለኮሰ ሣር ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

በኩባያው ጠርዝ ላይ ቀና ብሎ አየ። ማይም አረንጓዴውን ኩባያ ከአፉ አልነቀለም። ጣቱ ቃታው ላይ ነው፤ ዓይኑ ዱዎት ላይ ነው። ጉሮሮው አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ ረጅም ጊዜ ቆይቶ እንደገና ተንቀሳቀሰ። እሱም ቀስ እያለ ይጠጣ ነበር።