አባት ጥጃ ሲሆን

ዶርቃስ ለዶክትሬት ጥናቷ አባቶች ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር ሲጫወቱ ማየት ነበረባት። የእንጭኒ ገጠር አባቶች ግን «ልጅ ማጫወት የእናት ሥራ ነው» እያሉ አልቀበል አሏት። እሺ ያላት ገበሬው ኦቦ ዋቅቶላ ብቻ ነበር፤ እሱም ቤቱ ስትመጣ ልጁን ሳያጫውት በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«አባ፣ እኔ ላም ነኝ፤ አንተ ጥጃ ሁን» አለችው ልጁ ኤቢሴ።

ዋቅቶላ አፍሮ ወደ ዶርቃስ አየ። ከዚያ ተንበርክኮ «እምቧ» ሲል ልጅቱ በሳቅ ተንከተከተች። በዚህ መሀል ጎረቤቱ ኦቦ ኤጄታ በሩ ላይ ደረሰ። ዋቅቶላ ደነገጠ፤ ግን አልተነሳም።

ኤጄታ ጥቂት ቆሞ አያቸውና ወደ ዶርቃስ ዞረ።

«እኛ ቤትስ መቼ ነው የምትመጪው?» አላት።

ዶርቃስ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። በማግስቱ ቤቱ ስትሄድ ኤጄታ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ግቢውን ሲዞር አገኘችው።