ጌታውን ሸጦ መኪና ገዛ

ስመኘው ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ጋራዥ ከከፈተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ከጋራዡ ጀርባ በቆርቆሮ ከልሎ የሚሠራትን አንዲት መኪና ግን ለሰው አያሳይም ነበር። የሰው ሥራ ሲያልቅ እየገባ፣ አይጥ የበላውን ሽቦ ሲቀይር፣ ዝገት የጨረሰውን ላሜራ ቆርጦ ሲበይድ፣ የመቀመጫዋን ቆዳ ቡሬ ወስዶ በኮርቻ ሰፊ ሲያሰፋ ዐሥራ አንድ ዓመት ሄደ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ቁልፉን ቢያዞረው ሞተሩ ተነሣ። ሚስቱ ንግሥቴ ድምፁን ሰምታ መጣች፤ እልል ትላለች ሲል፣ «እንግዲህ ትውጣልን» ብላው ተመለሰች።

መኪናይቱ ጥቁር መርሴዲስ ናት። በንጉሡ ዘመን የፊታውራሪ ወልደ ዮሐንስ ነበረች፤ ሹፌራቸው ደግሞ እንዳለው የሚባለው የስመኘው አባት ነበር። በስልሳ ሰባት ዓ.ም. ኅዳር ላይ ፊታውራሪ እጃቸውን እንዲሰጡ ስማቸው በሬዲዮ ተጠራ። እንዳለው ከቡሬ ማዶ ካለው ቤታቸው አሳፍሮ ደብረ ማርቆስ አደረሳቸው። ጠባቂዎቹ «ሂድና ስንቅና ልብስ አምጣላቸው» ብለው ከነመኪናው መለሱት። በአራተኛው ቀን ስንቁንና ጋቢያቸውን ይዞ በአውቶቡስ ሲደርስ፣ በር ላይ የቆመው ወታደር «መልሰህ ውሰደው፤ አያስፈልጋቸውም» አለው። የት እንደተቀበሩ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

በዚያ ግርግር መኪናይቱን የጠየቀ አልነበረም። እንዳለው ከጓሮው አግብቶ፣ ዙሪያዋን በግንድ አጥሮ፣ ገለባ ከመረባት። ግን አገር ቤት ምን ይደበቃል? ሰዉ ሰማ። ሰምቶም ለመንግሥት አልነገረም፤ ፍርዱን ግን ራሱ ፈረደ። «እንዳለው ጌታውን ሸጦ መኪና ገዛ» ተባለ። ቃሉ አጭር ነውና ለአፍ አልከበደም፤ ከቡሬ ተነሥቶ ሽንዲ ድረስ ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ እንዳለውን የክርስትና አባት ሁንልኝ ያለው የለም። ማኅበር ሲጠጣ አጠገቡ ያለው ቦታ ክፍት ይሆናል። እሱም አንድ ቀን እንኳ ልናገር ብሎ አፉን ሳይከፍት አረጀ። ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ስመኘውን ብቻ ጠርቶ ነገረው።

ስመኘው መኪናይቱን ለመሸጥ የቆረጠው ንግሥቴን ሰምቶ ብቻ አልነበረም፤ ዓይኑም እየደከመ ነበር። አንዷለም የሚባል፣ ለአሮጌ መኪና ሰብሳቢዎች የሚያፈላልግ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ኮፈኗን ከፍቶ፣ ከሥሯ ገብቶ፣ ሲወጣ ፊቱ በርቷል።

«ጋሽ ስመኘው፣ ይህቺን ፎቶዋን ብቻ ያዩ ሰዎች ካሁኑ እየተሻሙባት ነው። ሊብሬዋ በማን ስም ነው?»

«በፊታውራሪ ወልደ ዮሐንስ።»

«ወራሽ አላቸው?»

«አንዲት ልጅ አሉ፤ አዲስ አበባ።»

«እንግዲያው እሳቸው ካልፈረሙ እኔ አልነካትም።»

ስመኘው ይህ ቀን እንደማይቀር ያውቅ ነበር። በዘመድ በኩል ስልካቸውን አፈላልጎ ደወለ። «የእንዳለው ልጅ ነኝ» አላቸው። «ሐሙስ እመጣለሁ» ብለው ዘጉት።

የፊታውራሪ ልጅ ወይዘሮ ፍሬሕይወት ስድሳዎቹን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ከሚኒባስ ወርደው ጋራዡ ገቡ። አንዷለም ስለ ሞተሩ ሊያስረዳቸው ሲጀምር በእጃቸው አስቆሙት። መኪናይቱን አንድ ጊዜ ዞሯት። ከዚያ የኋላውን በር ራሳቸው ከፍተው፣ በቀኝ በኩል አባታቸው ይቀመጡበት ከነበረው ቦታ ተቀመጡ።

«ወደ ቡሬ ውሰደኝ» አሉ።

ስመኘው እጁን በጨርቅ ጠርጎ መሪውን ያዘ። ማንኩሳን አልፈው ቡሬ ደረሱ። ልጆች ከመንገድ ዳር እየሮጡ ሲጮኹ እንኳ ወይዘሮዋ ቀና ብለው አላዩም። ወደ ሽንዲ የሚታጠፈው መንገድ ጋ ሲደርሱ ግን፣ «እዚህ ላይ አቁም» አሉት። አቆመ።

«ይኼ በሽንዲ አድርጎ ወደ ዓባይ የሚወርደው ነው፤ አይደል? ከዓባይ ማዶ ወለጋ አባቴ የሚሸሽጉት ወዳጆች ነበሩት። እናቴ እስክትሞት ድረስ አንድ ነገር ነው የምትለው። ‹እንዳለው ሰው ቢሆን ኖሮ፣ እዚህ ጋ መሪውን ወደ ሽንዲ ያዞረው ነበር።› እኔም እሷን ሰምቼ አባትህን ረግሜዋለሁ።»

ስመኘው ሞተሩን አጠፋ። ፊቱን ወደ ኋላ ማዞር አቃተውና በፊት መስታወቱ መንገዱን እያየ ተናገረ።

«እትዬ፣ አባቴ ያን ቀን እዚሁ ላይ አቁሞ ነበር። ‹ጌታዬ፣ ወደ ሽንዲ ላዙራት?› አላቸው። ፊታውራሪም፣ ‹እኔ ባመልጥ ነገ ያንተን ቤት ነው የሚያቃጥሉት። ልጆች አሉህ። ንዳ› አሉት።»

«ከዚያስ?»

ስመኘው አባቱ ከሞተ ጀምሮ ለዚህች ጥያቄ ሌላ መልስ ሲያበጅላት ኖሯል። እግራቸው ላይ ወድቆ ለመናቸው ሊል ይችላል። ሦስት ጊዜ ጠየቃቸው ሊል ይችላል። የሚመሰክርበት በሕይወት የለም።

«ከዚያ ነዳ» አለ። «ሁለተኛ አልጠየቃቸውም። ‹አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅኋቸው› እያለ አልቅሶ ነው የሞተው። ለሰው ያልተናገረውም በዚሁ አፍሮ ነው። ፊታውራሪ ‹ልጆች አሉህ› ሲሉት ካሰቧቸው አንዱ እኔ ነኝ፤ ስምንት ዓመቴ ነበር።»

አንድ የጭነት መኪና አቧራውን እያቦነነ አለፋቸው።

«አባቴ አንዴ ከተናገረ አይመለስም» አሉ ወይዘሮዋ ቀስ ብለው። «ያን ጠዋት እናቴ ምን ያህል ለመነችው መሰለህ። ጋሼ እንዳለው ዐሥር ጊዜ ቢጠይቀውም ያው ነበር።» እጃቸውን ከፊታቸው ባለው ወንበር ጀርባ ላይ አሳረፉ። «ብቻ ሁለተኛ ቢጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር።»

«እኔንም፣ እትዬ» አለ ስመኘው።

«የጋሼ እንዳለው መቃብር የት ነው?»

እንዳለው የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ፣ ዕለቱ የወሩ ጊዮርጊስ ስለነበር ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ ከደጀ ሰላሙ ውጭ በዛፎቹ ጥላ ተቀምጦ ነበር። ጥቁሯ መኪና ብቅ ስትል ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሣት ጀመረ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ዐወቋትና አንድ በአንድ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ወይዘሮ ፍሬሕይወት በመካከላቸው አልፈው፣ ስመኘው ካሳያቸው ድንጋይ አጠገብ ተንበረከኩ። ግንባራቸው መሬት ነክቶ ብዙ ቆየ።

ዓይናቸው የፈዘዘው መሪጌታ ገብረሰንበት በበትራቸው እየዳበሱ ቀረቡ። ዘጠና የሞላቸው የቅኔ መምህር ናቸው፤ በጎልማሳነታቸው «ጌታውን ሸጦ መኪና ገዛ» የምትለዋን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገሯት እሳቸው እንደሆኑ አገሩ ሁሉ ያውቃል።

«ማን ነዎት፣ እመቤቴ?» አሉ።

«የፊታውራሪ ወልደ ዮሐንስ ልጅ ነኝ፣ አባቴ። ጋሼ እንዳለውን ይቅር በለኝ ልል መጣሁ።» ብድግ ብለው ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አባቴን ማንም አልሸጠውም። የሹፌሩ ቤት እንዳይቃጠል ራሱን ሰጠ እንጂ።»

መሪጌታ በትራቸው ላይ ተደግፈው አቀረቀሩ።

«‹ሰጠ›ን ‹ሸጠ› ብለን ኖርን» አሉ በመጨረሻ። «በአንዲት ፊደል ሰው ቀጣን። ፊደሏን ያጣመምኋት እኔ ነኝ፤ ቅኔ መስላኝ ነበር።» ቆባቸውን አውልቀው ከመቃብሩ ፊት ቆሙና ይፍታህ የሚያደርስ ቄስ አስጠሩ። እንዳለው ሲቀበር ከሬሳው ተሸካሚ ብዙም ያልበለጠ ሰው ነበር የቆመው። ያን ቀን ግን የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ቆመ። ስመኘው ከኋላ፣ በአጥሩ ግንብ ላይ ተደግፎ አለቀሰ።

ወይዘሮ ፍሬሕይወት በማግሥቱ ፈረሙ። አንዷለም ለሰብሳቢዎቹ ያዘጋጀውን ማስታወቂያ ከስልኩ ላይ ሲያነብላቸው፣ የተሠራችበትን ዘመን፣ የሞተሯን ጉልበት፣ የቀለሟን ዓይነት አንድ በአንድ ሰሙ።

«ሰው የለበትም» አሉ።

«ምን ይጨመር፣ እማማ?»

«‹ባለቤቷ ፊታውራሪ ወልደ ዮሐንስ። ያዳናት ሹፌራቸው እንዳለው። ያስነሣት ልጁ ስመኘው።› እንዲህ ብለህ ጻፍ። ይህን ማንበብ የማይፈልግ አይግዛት።»

መኪናይቱ በሳምንቱ ሄደች። የገዛት ሰው ማስታወቂያውን በብረት ሰሌዳ አስቀርጾ አጠገቧ እንደሰቀለው አንዷለም ደውሎ ነገራቸው። በሄደችበት ቀን ስመኘው እስከ ዋናው መንገድ ሸኛት፤ ወደ ጂጋ አቅጣጫ ስትርቅ ትንሽ አያት። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ላይ ጋደም አለ። ንግሥቴ ለምሳ ልትጠራው ገባች። በትዳር ዘመኗ ፀሐይ ሳለ ተኝቶ አይታው አታውቅም፤ ትንፋሹ በዝግታ ሲገባና ሲወጣ አዳመጠችና ጫማውን ፈትታ አወለቀችለት፤ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።