የሚያቃጥለው ሻይ

ባለ ሁለት ጉድጓድ አይጥ አትሞትም ይላሉ እናቱ። አይጧ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሮጥ ትንፋሽ እንደሚያጥራት ማን በነገራቸው! ልጃቸው ከክፍል በፊትና በኋላ ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ ነው፤ በመሃል ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ።

የጠዋቱን ትምህርት የሚሰጡት ተማሪዎች «ደወል» የሚሏቸው መምህር ናቸው። የሚያስተምሩት የጊዜ አጠቃቀም ነው። ገብተው በሩን ይቀረቅሩታል፤ ከእሳቸው ኋላ የመጣ እንደ ቀሪ ይቆጠራል። ልጁ ደግሞ በዚሁ ጣጣ ደጋግሞ ቀርቷል። አንድ ቀን ከጨመረ ፈተና አይቀመጥም፤ የዓመት ልፋቱን ውሃ በላው ማለት ነው።

ደግነቱ ደወል ሻይ ሳይጠጡ አያስተምሩም፤ የሚጠጡትም እሱ ዘንድ ነው። ስለዚህ ዘዴ ፈጠረ። ብርጭቆውን በፈላ ውሃ ያሞቅና፣ ሻዩን ከእሳት አውርዶ ወዲያው ፊታቸው ዱቅ ያደርገዋል። እሳቸው እፍ እፍ ሲሉ እሱ ሽርጡን ፈትቶ በጓሮ በር እግሬ አውጪኝ ነው። ትምህርቱን እዚህ ያደረሰው በእሳቸው ምላስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ምን ያደርጋል፣ ደወል አንድ ቀን ምላሴ ተላጠ ብለው ለካፌው ባለቤት ለእትዬ ስሞታ አቀረቡ። እትዬ ደግሞ ደንበኛ ሲከፋ አይወዱም። በማግስቱ ልጁ ጀርባውን ሲያዞር ሻዩ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለስ አደረጉበት። ደወል በአንድ ትንፋሽ ጨልጠውት ወጡ። ልጁ ባዶውን ብርጭቆ ሲያይ ክው አለ። ሽርጡን ወርውሮ በረረ፤ ሲደርስ በሩ ተቀርቅሯል። ቢያንኳኳ፣ ቢለምን፣ ደወል በመስታወቱ ገረፍ አድርገው አይተውት ወደ ሰሌዳቸው ዞሩ።

ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳቸው ካፌ መጡ። ስለ ዘመኑ ተማሪ ስንፍና ለእትዬ ሲያማርሩ፣ ጠዋት በር የዘጉበትን ልጅም አነሱ፤ መልኩን እንኳ በቅጡ እንደማያውቁት ተናገሩ። ከዚያ ወደ አስተናጋጁ ዞሩ።

«አንተ ግን ሁሌም በሰዓቱ ነህ። ብትማር ኖሮ ትልቅ ሰው ይወጣህ ነበር።»

ልጁ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«መምህር፣ ጠዋት በር የዘጉበት ልጅ እኔ ነኝ።»

ደወል እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እንዲህ ያለ ጨዋታ አዋቂ አስተናጋጅ አይተው እንደማያውቁ ለእትዬ ነገሯቸው፤ ሻይም እንዲደገምላቸው አዘዙ።

ልጁ አመጣላቸው። ለብ ያለ ሻይ ነው፤ ከእንግዲህ ቀድሟቸው የሚገባበት ክፍል የለውም።