የቾንግቺንግ ጉራንጉርና የእኔ ጉራ

ሃያ ዘጠኝ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነዳሁ። ጡረታ ስወጣ ይዤ የወጣሁት ሁለት ነገር ነው፤ የወገብ ሕመምና ጉራ። ወገቤን ሐኪም ያየዋል። ጉራዬን የምትችለው ሚስቴ ሱጀን ብቻ ናት፤ እሷም አንዳንዴ ይመራታል። "የቾንግቺንግን ጓዳ ጎድጓዳ ከእኔ ከራን ጉዋንፉ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ" እላለሁ። እስካለፈው ሐምሌ ድረስ ማንም አልመጣም ነበር።

ሐምሌ ለከተማችን የእሳት ወር ነው። በዚያ ሙቀት የልጃችን የጂንግዪ እጮኛ አባት ከሻንዶንግ መጡ። አቶ ሉዋን ደማው ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው። አገራቸው ሜዳ ነው፤ በርጩማ ላይ የቆመ ሰው የጎረቤት መንደር ያያል። ሰርጉ እኛ ጋ ይሁን እነሱ ጋ በሚለው ሁለቱ ቤተሰብ ሁለት ወር በስልክ ሲነታረክ ከርሟል። በመጨረሻ ወንዙን ቁልቁል በሚያይ ምግብ ቤት ስድስት ሰዓት ላይ ተገናኝተን፣ የሚፈላውን ድስት መሃል አድርገን እንድንነጋገር ተባለ።

"በባቡር አምጣቸው፤ አራት ፌርማታ ነው" አለችኝ ሱጀን፣ ከልጃችን ጋር ቀድማ ስትወጣ።

አቶ ሉዋን ግን ጫማቸውን እያሰሩ "በእግር አይደረስም?" ብለው ጠየቁ። "እኔ በእግሬ ያልሄድኩበትን ከተማ ያየሁት አይመስለኝም።"

ሰው እንዲህ ሲለኝ ልቤ ያብጣል። "እንዴታ፣ አማቼ! በዋናው መንገድም አይደለም የምወስድዎት፣ በጉራንጉሩ ነው። አርባ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሹፌር የሚያውቀው አስፋልት ነው። የእኛ ከተማ ደግሞ ገደል ላይ የተደራረበች ናት፤ አስፋልቱ ዙሪያዋን ይዞራታል፣ ኑሮው ያለው በደረጃዎቹ ውስጥ ነው። እኔ ያንን ኑሮ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያየሁት በስፖኪዮ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም መልካም ነበር። ከላያችን የታጠበ አንሶላ ይንጠባጠባል፤ ከየመስኮቱ በርበሬ የፈላ ዘይት ሲነካ ይንጫጫል፤ የማህጆንግ ጨዋታ ጠጠር ይንኳኳል። ሁለት ሰዎች ማቀዝቀዣ በቀርከሃ አጣና ተሸክመው "ዞር በሉ" እያሉ አለፉን። አቶ ሉዋን ስላዩት ሁሉ ይጠይቃሉ፤ እኔም ለሁሉም መልስ አላጣም። አንድ ቅያስ ስንገባ "ይህ የጥንት የጨው ነጋዴዎች መውጫ ነው" አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ቅያሱ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ጋ አለቀ።

ተመልሰን አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር፣ ፀጉር አስተካካይ የአንድ ሽማግሌ ፊት ላይ አረፋ ሲቀባ አይተን አለፍን። ከዚያ በአንድ በር ገባን፤ የወጣነው ሽንኩርት የተተከለበት ጣሪያ ላይ ነው። ከጣሪያው ዘጠኝ ፎቅ በደረጃ ወርደን ስንወጣ ያው ዋርካ ሥር ነን። ሽማግሌው ግማሽ ፊቱን ተላጭቷል።

"ሆን ብዬ ነው፤ ዛፉን ከዚህ በኩልም እንዲያዩት ብዬ" አልኩ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ እዚያው ብቅ አልን። ሽማግሌው ሄዶ ሌላ ሰው ተቀምጧል። አስተካካዩ ዓይኑን ከምላጩ ሳያነሳ "ጋሼ፣ ለመላጨት ከሆነ ተራ ያዙ እንጂ አትዙሩ" አለኝ።

"ብንጠይቀውስ?" አሉ አቶ ሉዋን በትሕትና። "እኔ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ያደረስኩት በመጠየቅ ነው።"

"የአገሩ ሰው መንገድ አይጠይቅም" አልኩ። ሱጀን ስትደውልም "ደርሰናል ማለት ይቻላል" አልኳት። ማለቱማ ይቻል ነበር።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ጉልበቴ ከዳኝ። ደረጃ ጥግ አራት ጠረጴዛ ያላት አንዲት ፓስታ ሻጭ ቤት ገብተን ተዘረፈጥን። ባለቤቷ ወጣት ሴት ናት፤ ላባችንን አየችና አዘነችልን። "እንግዳ ናችሁ መሰል፣ አባባ። ከየት ነው የመጣችሁት?"

ጠፋሁ ከምል ልሙት። አፌን ሞልቼ፣ በሰሜን ሰው ቅላጼ "ከሻንዶንግ" አልኩ።

አቶ ሉዋን አዩኝ። ከዚያ አንገታቸውን ደፉ።

"የሰሜን ሰው የእኛን በርበሬ አይችለውም" ብላ ለሁለታችንም አልጫውን አቀረበችልን። ቾንግቺንግ ተወልጄ፣ በርበሬ ጡት ያስጣለኝ ሰው፣ ያንን ውሃ ውሃ የሚል ፓስታ "ይጣፍጣል" እያልኩ ጨረስኩት።

ያን ጊዜ ከጎናችን ባቄላ ስትፈለፍል የነበረች አሮጊት እጇን ገታች። "ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ" አለች። "አንተ፣ እስቲ 'ወደ ውስጥ ግቡ፣ በሩን ልቀቁ' በል።"

"እማማ፣ ተሳስተው ይሆናል። እኔ ከሻንዶንግ..."

"በል አልኩህ።"

አልኩ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የለመደ አፍ ቅላጼ መቀየር አይችልም።

"ራሱ ነው" አለች ለፓስታ ሻጯ። "በዝናብ ቀን በሩን አፍንጫዬ ላይ ዘግቶ የሄደው ሹፌር። ይሄ ሻንዶንግ ከሆነ እኔ ገና ኮረዳ ነኝ።"

ሻጯ ሳቋን አፍና ወደ ምድጃዋ ዞረች። እኔ ደግሞ አሮጊቷን ፈጽሞ አላስታወስኳትም፤ ስንቱ ላይ ዘግቼ ስንቱን ላስታውስ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ" አልኩ።

"እማማ ዳይ በለኝ። ይቅርታውን ዘንቢሌን ተሸክመህ ታሳየኛለህ። ቤቴ ከላይ ነው።" አቶ ሉዋን ሊያነሱላት ሲነሱ እጃቸውን መለሰችው። "አንተ እንግዳ ነህ። እሱ ይሸከም።"

ዘንቢሉ ውስጥ የሎተስ ሥርና አንድ ሕያው ዳክዬ አለ። ደረጃውን እስከ መቶ ሰማንያ ቆጥሬ ተውኩት። ዳክዬው በየእርምጃው ክንዴን ይነክሰኛል። እማማ ዳይ ከፊቴ እንደ ፍየል ትወጣለች።

"የዚያን ቀን ባሌ ሆስፒታል ነበር" አለች ዞር ሳትል። "አንተ ስትሄድብኝ በእነዚህ ደረጃዎች እየሮጥኩ ሄድኩ። ከአውቶቡስህ ቀድሜ ደረስኩ።"

"ከዚያስ?" አልኩ ቆም ብዬ።

"ከዚያማ ዳነ። ዘጠኝ ዓመት ጨቀጨቀኝ።"

ከኋላዬ አቶ ሉዋን የዘንቢሉን ጆሮ ያዙና ወደ ላይ ገፋ አደረጉልኝ። "ጉዋንፉ፣ አንተ እኮ ጥሩ የሻንዶንግ ሰው ይወጣሃል" አሉኝ። አንቱታው እዚያ ደረጃ ላይ ቀረ።

የእማማ ዳይ ቤት ሌላኛው በር የሚከፈተው ምግብ ቤቱ ፊት ለፊት ነበር። ስምንት ሰዓት ከአርባ ደረስን። ሱጀን ሸሚዜን፣ የተነከሰውን ክንዴንና ፀጉሬ ላይ ያለውን የዳክዬ ላባ በየተራ አየች። "ባቡር ብዬህ ነበር" አለች።

ሉዋን ሻይ ጠጣና ማንም ሳይጠይቀው "ሰርጉ እዚህ ይሁን" አለ። "እኛ ጋ ሜዳ ነው፤ ሰው መንገድ አይጠፋውም። መንገድ ያልጠፋበት ሰርግ ደግሞ ወሬ የለውም። ብቻ እማማ ዳይ ትጠራ።"

በማግስቱ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። ሉዋን ማለዳ ብቻውን ወጥቶ ትኩስ የአኩሪ አተር ወተትና የተጠበሰ ሊጥ ይዞ ተመለሰ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በየደረጃው ያነጋገራቸውን ሰዎች በስማቸው ይዘረዝርልኝ ጀመር። ከመካከላቸው አንዱ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት የኖረ ሰው ነው። ስሙ ፌንግ እንደሆነና እርግብ እንደሚያረባ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።