አበልጅ ያስያዘው ቤት

ኒካኖር ሳን ሂላሪዮ ያለው ሥራ ቦታ ተመልሶ የመጣው የሲሚንቶ ማደባለቂያውን ጭኖ ለመጥፋት ነው። የሚሠራው ትምህርት ቤት ገና ጣሪያ አልነካም፤ ማዘጋጃ ቤቱ የሰጠው ቀነ ገደብ እየደረሰ ነው፤ ሠራተኞቹም አንድ በአንድ ተበትነዋል። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ነገር ሲከር እግሬ አውጪኝ ማለት ይወዳል።

ሥራውን በኮንትራት ሲይዝ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና አምጣ ተባለ። ዋስትና የሚሰጠው ኩባንያም በባዶ ፊርማ አላመነውም፤ ቤቱን የሚያስይዝ ሰው ጥራ አለው። ያስያዘለት አበልጁ ፊደንሲዮ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን አብረው ገንብተዋል፤ ፊደንሲዮ ጡብ ውሃ ውስጥ እየነከረ ያቀብላል፣ ኒካኖር ይደረድራል። አሁን ኒካኖር ከጠፋ ኩባንያው ለማዘጋጃ ቤቱ ይከፍልና የፊደንሲዮን ቤት ይወስዳል። ፊደንሲዮ ከገና በኋላ ሞቷል። ኒካኖርም «የሞተ ሰው ምን ይጎዳል?» እያለ ራሱን ሲያታልል ከርሟል። የሟች ሚስት ዶኛ ቶማሳ እዚያው ቤት እንደሚኖሩ ላለማሰብ ብዙ ደክሟል።

ቀና ሲል ያላለቀው ግድግዳ አናት ላይ በወረቀት አበባ ያጌጠ መስቀል ቆሟል። ለካ የግንበኞች የመስቀል ቀን ነው፤ በየጅምር ሕንፃው አናት መስቀል የሚቆምበት። አሠሪው ሠራተኞቹን ደግሶ የሚያበላበትን ቀን እሱ ረስቶታል።

ከግድግዳው ሥር ዶኛ ቶማሳ ድስት ይዘው ተቀምጠዋል።

«ይብሉ እንጂ አበልጅ፣ የበዓሉ ወጥ፣ ሞሌ ነው። ሳይጭኑ ደረስኩብዎ መሰለኝ።»

«መስቀሉን ማን አወጣው?»

«እኔ በዚህ ጉልበቴ መሰላል ልወጣ? እርስዎ መስለውኝ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።»

ኒካኖር ቀና ብሎ መስቀሉን ደግሞ አየው።

«ፊደንሲዮ ሲመሽ ይመጣል» አሉ ሴትዮዋ ድስቱን እየከደኑ። «በር ላይ ይቆማል። ግባ ስለው ‹አስይዤዋለሁ፤ አበልጄ ሳይጨርስ ቤቴ አይደለም› ይለኛል። በሕይወት እያለ እንዲህ ጨዋ አልነበረም፤ በጭቃ ጫማው ነበር ዘው የሚለው። ልለምንዎ አልመጣሁም። ዛሬ ሲመጣ ምን ልበለው?»

ሴትዮዋ ተነሡ። ድስታቸውን አንስተው ቀስ እያሉ ሄዱ።

ኒካኖር አፍሯል፤ ፈርቷልም። ማደባለቂያውን እዚያው ተወው። ሲሚንቶና አሸዋ አቡክቶ መስቀሉ ወዳለበት ወጣ። ያቦካውን ግድግዳው ላይ አንጥፎ፣ እንደ ድሮው ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ።

እርጥብ ጡብ መዳፉ ላይ አረፈ።

ኒካኖር አልዞረም። ጡቡን አስቀመጠና እጁን ደግሞ ዘረጋ።